የእርግዝና ስኳር እና ኢንሱሊን፦ ከሲሪንጁ እስከ ማስታወሻ ደብተሩ

«ኢንሱሊን ልትጀምሪ ነው» የተባለች ነፍሰ ጡር አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የምትጠይቀው «አንዴ ከጀመርኩት መቼም አልላቀቀውም አይደል?» ብላ ነው። ስኳሩ በእርግዝናው ምክንያት የመጣ ከሆነ ኢንሱሊኑ ብዙውን ጊዜ በወለድሽበት ቀን ይቆማል። የእንግዴ ልጅ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች የእናትየውን ኢንሱሊን ሥራ ያዳክሙታል። ቆሽት ለማካካስ ምርቱን ይጨምራል፤ የአንዳንዷ ግን አይደርስበትም። በመርፌ የሚገባው ያ የጎደለው ነው፣ ሱስ የሚባል ነገር የለውም። ኢንሱሊን የእንግዴ ልጁን አልፎ ወደ ጽንሱ አይሄድም። የሚያልፈው ስኳሩ ነው፤ ጽንሱም በበዛው ስኳር ልክ የራሱን ኢንሱሊን እያመረተ ይወፍራል፣ በምጥ ጊዜ ትከሻው እስከመያዝ ይደርሳል።

ምርመራው በ24ኛውና በ28ኛው ሳምንት መካከል 75 ግራም ግሉኮስ በማጠጣት ይሠራል። በባዶ ሆድ 92 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር)፣ ከ1 ሰዓት በኋላ 180፣ ከ2 ሰዓት በኋላ 153፤ ከሦስቱ አንዱ እንኳ እዚያ ከደረሰ የእርግዝና ስኳር ይባላል። አንድ ወይም ሁለት ሳምንት በምግብና በእግር ጉዞ ተሞክሮ ቁጥሩ አልወርድ ሲል ኢንሱሊን ይታዘዛል። ሜትፎርሚን በሚባል የሚዋጥ መድኃኒት የሚጀምሩ ሐኪሞችም አሉ፤ እሱ ግን የእንግዴ ልጁን ያልፋል፣ ብዙ እናቶችም ውለው አድረው ኢንሱሊን ይጨመርላቸዋል።

የምትፈልጊው ቁጥር ይህ ነው፦ በባዶ ሆድ ከ95 በታች፣ ከምግብ 1 ሰዓት በኋላ ከ140 በታች፣ ወይም 2 ሰዓት በኋላ ከ120 በታች። አውሮፓ ሆነሽ መለኪያሽ በሚሊሞል የሚቆጥር ከሆነ 5.3፣ 7.8 እና 6.7 ማለት ነው። አንድ ሰዓት ወይስ ሁለት ሰዓት የሚለውን ከሐኪምሽ ጋር መርጠሽ በአንዱ ጽኚ፤ አንድ ቀን በ1፣ ሌላ ቀን በ2 ሰዓት የተለካ ደብተር ለማንም አይነበብም። ሰዓቱ የሚቆጠረው ከመጀመሪያው ጉርሻ ጀምሮ ነው፣ ማዕዱ ከተነሳ ወዲህ አይደለም።

ከመለካትሽ በፊት እጅሽን በውሃና በሳሙና ታጥበሽ አድርቂ። ብርቱካን የላጠ ጣት ሳይታጠብ ቢለካ በውሸት ከፍ ያለ ቁጥር ያመጣል፣ አልኮል በተነከረ ጥጥ ማበስም ሁልጊዜ አያድነውም። የጣቱን ጫፍ መሃል ሳይሆን ጎኑን ውጊ፣ ሕመሙ ይቀንሳል። ስትሪፕ፣ ደሙ የሚነካበት ቀጭን ቁራጭ፣ የሚሠራው ለራሱ መለኪያ ብቻ ስለሆነ መለኪያውን ከመግዛትሽ በፊት ስትሪፑ በሰፈርሽ ፋርማሲ የማይጠፋ መሆኑን ጠይቂ። ደንቡ በቀን አራት ጊዜ፣ ማለትም በባዶ ሆድና ከሦስቱ ምግቦች በኋላ፣ መለካት ነው። አቅም ካልፈቀደ የባዶ ሆዱን በየቀኑ ለኪና አንዷን ስትሪፕ አንድ ቀን ለቁርስ፣ በማግስቱ ለምሳ፣ በሦስተኛው ቀን ለእራት አዙሪያት። አራቱንም በአንድ ቀን ለክቶ ሳምንቱን ሙሉ ከመተው ይህ ብዙ ይነግራል።

ሁለቱ ብልቃጦች

በአገራችን የመንግሥት ጤና ተቋማት በብዛት የሚሰጡት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ እንደ ውሃ የጠራ ነው፤ ሬጉላር ይባላል። ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ይወጋል፣ ከተወጋ በኋላ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ጉልበቱ ይበረታል። ሌላው ወተት የመሰለው ኤንፒኤች ነው፤ ብዙ ሰው ከድሮ በቀረ ልማድ «ሌንቴ» ይለዋል። ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል፣ ከዚያ እየደከመ ይሄዳል። 70/30 የሚባለው ሁለቱን አስቀድሞ የቀላቀለ ነው። ለአያያዝ ይቀላል፤ ነገር ግን የቁርሱን ስኳር ለማውረድ ስትጨምሪ የከሰዓቱም አብሮ ስለሚጨምር በእርግዝና ጊዜ እጅን ያስራል።

መጠኑን የሚወስነው ሐኪም ነው። ከባዶ ሆዱ በቀር ሌላው ቁጥር ደህና ከሆነ ማታ ብቻ የሚወጋ ኤንፒኤች ሊበቃ ይችላል። ቀኑን ሙሉ ከፍ የሚል ከሆነ የቀኑ ድምር በአብዛኛው ከ0.7 እስከ 1 ዩኒት በኪሎ ክብደት ይታሰባል። 70 ኪሎ የምትመዝን እናት በቀን 50 ወይም 60 ዩኒት ብትወጋ ምንም የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። የመጠኑ መብዛት የሕመሙን ክፋት አያሳይም። በዚህ ጉዳይ ከጎረቤት ጋር መወዳደር ዋጋ የለውም።

ከመጠኑ ይልቅ ሰው የሚሳሳተው ሲሪንጁ ላይ ነው። ብልቃጡ ላይ «100 ዩኒት በሚሊ ሊትር» ይላል፤ ሲሪንጁም ላይ ዩ-100 መባል አለበት። በዩ-40 ሲሪንጅ 10 ቁጥር ድረስ ከቀዳሽ የገባው 25 ዩኒት ነው፣ ሁለት ተኩል እጥፍ። ሁለተኛው ስህተት የመስመሩ ነው፦ በባለ 1 ሚሊው ሲሪንጅ ላይ ብዙውን ጊዜ እያንዳንዷ ትንሽ መስመር 2 ዩኒት ናት፤ በባለ ግማሽ ሚሊው ላይ ግን 1 ዩኒት። ፋርማሲው ያለወትሮው ሌላ ዓይነት ከሰጠሽ ቤት ሳትደርሺ እዚያው መስመሮቹን ቁጠሪ። በተራ የ2 ወይም የ5 ሚሊ መርፌ ኢንሱሊን አይለካም።

አቀላቀል

ጠዋት 8 ዩኒት ሬጉላርና 16 ዩኒት ኤንፒኤች ታዞልሻል እንበል፤ ድምሩ 24 ነው።

1. ወተት የመሰለውን ብልቃጥ በሁለት መዳፍሽ መካከል 10 ጊዜ አንከባልይው፣ 10 ጊዜ ደግሞ ቀስ ብለሽ ገልብጪው። አትናጪው፤ አረፋ ከሠራ መጠኑ ይዛባል። ሥሩ ላይ ዝቃጭ ከቀረ ገና ነው።
2. የሁለቱንም ብልቃጥ ጎማ በአልኮል ጥረጊና እስኪደርቅ ጠብቂ።
3. ሲሪንጁ ውስጥ 16 አየር ሳቢና ወደ ኤንፒኤቹ አስገቢ። መርፌው ፈሳሹን ሳይነካ አውጪው።
4. 8 አየር ሳቢ፣ ወደ ጠራው አስገቢ፣ ብልቃጡን ገልብጠሽ 8 ቅጂ። አረፋ ካለ በጣትሽ መታ መታ አድርገሽ መልሺውና እንደገና 8 ላይ አድርሺው።
5. አሁን ወደ ኤንፒኤቹ ግቢ፣ ገልብጪው፣ ቀስ ብለሽ 24 ድረስ ሳቢ። 25 ከደረሰ ትርፉን ወደ ብልቃጡ መመለስ አይቻልም፤ ሁሉንም ጥለሽ ከሀ ጀምሪ።

የጠራው የሚቀድምበት ምክንያት አለው። ኤንፒኤችን የሚያዘገየው ፕሮታሚን የሚባል ፕሮቲን ነው፤ ጠብታው ወደ ጠራው ብልቃጥ ከገባ ሬጉላሩንም እያዘገየው ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት የቁርስ ስኳር «ያለ ምክንያት» ይዘላል። ግላርጂን የሚባለው ባለ 24 ሰዓት ኢንሱሊን ግን ጥርት ያለ ቢሆንም ከማንም ጋር አይቀላቀልም።

አወጋግ

ሆድ ላይ መውጋት ጽንሱን አይነካም፤ መርፌው የሚቀረው ከቆዳ ሥር ባለው ስብ ውስጥ ነው። ከእምብርት ሦስት ጣት ያህል ራቂ። ሆድሽ በጣም ሲወጠርና ቆዳው አልቆነጠጥ ሲል ወደ ጎን ወደ ጎኑ ሂጂ፣ ወይም ወደ ጭን የውጭ ጎን ዙሪ። ቆዳውን በሁለት ጣት ቆንጥጠሽ ያዢ፣ መርፌውን ቀጥ አድርገሽ አስገቢ፣ እስከ መጨረሻው ግፊ፣ እስከ 10 ቁጠሪ፣ አውጪ፣ ከዚያ ቁንጥጫውን ልቀቂ። አትሺው። በእስክሪብቶ ኢንሱሊን የምትጠቀሚ ከሆነ ከእያንዳንዱ መርፌ በፊት 2 ዩኒት ወደ አየር ልቀቂና ጠብታ መውጣቱን እዪ።

ቦታ መቀያየር ቸል ይባላል። አንድ ሥፍራ ስለማያም እዚያው እዚያው የምትወጋ እናት ከሳምንታት በኋላ ቆዳዋ ሥር እንደ ሊጥ የለሰለሰ ወይም የጠጠረ እብጠት ታገኛለች። እዚያ የተወጋ ኢንሱሊን አንድ ቀን ይዘገያል፣ ሌላ ቀን ይጣደፋል። ሐኪሙ መጠን ይጨምራል፣ ስኳሩ ግን እንደ ፈለገ ይወጣል ይወርዳል። ከትናንቱ ቦታ ቢያንስ ሁለት ጣት ራቂ፤ በሳምንት አንዴም ሆድሽንና ጭንሽን በጣትሽ ዳሺ። ያገለገለውን መርፌ ክዳን ባለው ወፍራም የፕላስቲክ ጠርሙስ አጠራቅመሽ ለጤና ጣቢያው መልሺ።

ፍሪጅ ከሌለ

ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ በፍሪጁ በር ወይም መሃል፣ በረዶ ቤቱ አጠገብ ግን አይደለም። አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ሞቷል። የተከፈተው ከ25–30 ዲግሪ በማይበልጥ ቤት ውስጥ 28 ቀን ይቆያል፤ ስለዚህ በአዲስ አበባ፣ በደሴ ወይም በጎንደር ቤት ጥላ ያለው መደርደሪያ በቂ ነው። የከፈትሽበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ጻፊ። በቆላ አገር ሁለት የሸክላ ዕቃ ይረዳል፦ ትንሹን ትልቁ ውስጥ አስቀምጪ፣ መሃሉን በአሸዋ ሙዪ፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ በውሃ አርጥቢ፣ ብልቃጡን በፌስታል አድርገሽ ትንሹ ውስጥ ክተቺ፣ በእርጥብ ጨርቅ ክደኚ። ቅዝቃዜው የሚመጣው ውሃው ሲተን ስለሆነ በአፋር ደረቅ ሙቀት በደንብ ይሠራል፣ አየሩ እርጥብ በሆነበት ወቅት ግን ይደክማል። አውቶቡስ ስትሳፈሪ በእጅ ቦርሳሽ ያዢው፤ ከታች ከሞተሩ አጠገብ ያለው የሻንጣ ቦታ ይጠብሰዋል። ሬጉላር ከደፈረሰ፣ ኤንፒኤች ደግሞ ከተንከባለለ በኋላ ፍርፋሪ ካሳየ ወይም ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ውርጭ የመሰለ ነገር ከተለጠፈ ጣዪው።

ደብተሩን ማንበብ

ትልቁ ሥራ እዚህ ነው። ቁጥር ከፍ ባለ ቁጥር ሁሉንም መርፌ መጨመር አይደለም፤ እያንዳንዱ ቁጥር የራሱ ባለቤት አለው። ጠዋት ድብልቁን፣ በእራት ሬጉላር፣ በመኝታ ኤንፒኤች የምትወጋ እናት ከሆነች፦ የባዶ ሆዱ ቁጥር ባለቤት የመኝታው ኤንፒኤች ነው፤ ከቁርስ በኋላ ያለው የጠዋቱ ሬጉላር፤ ከምሳ በኋላ ያለው በዋናነት የጠዋቱ ኤንፒኤች፤ ከእራት በኋላ ያለው የማታው ሬጉላር።

ይህን ገጽ እንይ። ሰኞ፦ በባዶ ሆድ 103፣ ከቁርስ 1 ሰዓት በኋላ 128፣ ከምሳ 117፣ ከእራት 133። ማክሰኞ፦ 99፣ 134፣ 122፣ 162። ረቡዕ፦ 106፣ 125፣ 119፣ 129። ዓይን የሚስበው 162 ነው፤ እሱ ግን አንዴ የመጣ ነው። ጎኑ ላይ «ፓስታ፣ መርፌውን ወግቼ ወዲያው በላሁ» ተብሎ ከተጻፈ ጉዳዩ እዚያው አለቀ። ችግሩ ያለው ሦስቱንም ቀን ከ95 ያለፈው የጠዋቱ ቁጥር ላይ ነው። መነካት ያለበት የመኝታው ኤንፒኤች ብቻ ነው።

ግን ከመነካቱ በፊት አንድ ሌሊት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ተነስተሽ ለኪ። 100 አካባቢ ከሆነ ሐኪሞች በተለምዶ 2 ዩኒት ይጨምራሉ፤ 10 የነበረው 12 ይሆናል፣ ሁለት ሦስት ቀን ይታያል። ከ70 በታች ከሆነ ግን መጨመር አደጋ ነው፤ ለሐኪሙ ደውዪ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሰዓቱ ነው። ኤንፒኤቹ በእራት ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ ተወግቶ ከሆነ ጉልበቱ እኩለ ሌሊት ላይ በርትቶ ንጋት ላይ ይደክማል። ወደ ማታ 3 ወይም 4 ሰዓት መግፋቱ ብቻ የሌሊቱንም የጠዋቱንም ሊያስተካክል ይችላል። ስለዚህ ደብተሩ ላይ ከቁጥሩ ጎን የወጋሽበትን ሰዓትና የበላሽውን በሁለት ቃል ጻፊ። «እንጀራ፣ ሽሮ» ይበቃል።

ስኳር ሲወርድ

እጅ ሲንቀጠቀጥ፣ ላብ ሲያሰጥም፣ ልብ ሲመታ፣ ድንገተኛ ረሃብ ሲይዝ ለኪ፤ መለኪያ አጠገብሽ ከሌለ እንደወረደ ቁጠሪው። ከ70 በታች ከሆነ ሦስት ሞላ ሞላ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ ጠጪ፣ ወይም የተራ ለስላሳ ግማሽ ጠርሙስ፣ 150 ሚሊ ሊትር ያህል። ቸኮሌትና እንጀራ ለዚህ አይሆኑም፣ ይዘገያሉ። 15 ደቂቃ ቆይተሽ ለኪ፤ ካልወጣ ድገሚው። ሲወጣ፣ ቀጣዩ ምግብ ሩቅ ከሆነ፣ ቁራጭ ዳቦ ብዪ። ራሷን የሳተች ሴት አፍ ውስጥ ምንም አይጨመርም፤ በጎን አስተኝቶ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ይህን አንቺ ሳትሆኚ ባለቤትሽና አብሮሽ የሚኖር ሰው ነው ማወቅ ያለበት።

ዋናው መንስኤ ሬጉላር ተወግቶ የዘገየ ምግብ ነው። ሰርግ ቤት «አሁን ይቀርባል» የተባለ ምሳ መቼ እንደሚቀርብ ማን ያውቃል? ምግቡ መቅረቡን በዓይንሽ ሳታዪ አትወጊ። የጾም ጉዳይም እዚህ ይገባል። በጾም ምግቡ ራሱ፣ ምስሩም ሽሮውም ጎመኑም፣ ለስኳር ክፉ አይደለም። ክፉው ኢንሱሊን ወግቶ እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ መቆየት ነው። የንስሐ አባትሽን አነጋግሪ። ሙስሊም ከሆንሽም ነፍሰ ጡር ለራሷ ወይም ለልጇ ስትፈራ ረመዳንን እንድታፈጥር ሃይማኖቱ ይፈቅድላታል። ጸበል የምትሄጂ ከሆነ ኢንሱሊኑም ምግቡም አብሮ ይሂድ።

ምግብን በተመለከተ ብዙ የሚባል አለ፣ እዚህ አጭሩን፦ ጠዋት ሰውነት ኢንሱሊንን በጣም የሚቋቋምበት ሰዓት ስለሆነ የእንጀራውና የዳቦው ትንሹ ድርሻ የቁርስ ይሁን፤ ፍርፍር በስኳር ሻይ ከሁሉ የከፋው ቁርስ ነው፣ እንቁላል ከትንሽ ዳቦ ጋር የተሻለ ነው። ጁስ፣ ብርዝና ማር ይቅሩ። ሩዝ የተቀላቀለበት የገበያ እንጀራና ቤት የተጋገረ ንጹሕ ጤፍ በመለኪያሽ ላይ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ፤ ለክተሽ ለዪ። ከምግብ በኋላ 15 ደቂቃ መራመድ ቀላል የሚባል መድኃኒት አይደለም። አብሽና ሽፈራው «ስኳር ያወርዳል» ብለው የሚሰጡሽ ካሉ ከኢንሱሊን ጋር ስለሚደራረብ ለሐኪምሽ ሳትነግሪ አትጀምሪ።

እስከ መውለድ

እርግዝናው በገፋ ቁጥር የኢንሱሊን ፍላጎት ይጨምራል፤ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ዩኒት እየተጨመረ ቢሄድ የሚጠበቅ ነው። ወደ 36ኛው ሳምንት ይረጋጋል ወይም ትንሽ ይቀንሳል። ድንገት በብዙ ቢቀንስና ስኳርሽ ተደጋግሞ ቢወርድ ግን «ተሻለኝ» አትበዪ፤ የእንግዴ ልጁ መድከሙን ሊያመለክት ስለሚችል በዚያው ቀን ተመርመሪ። በሁለት ሰዓት ውስጥ 10 የልጅ እንቅስቃሴ ካልቆጠርሽም እንዲሁ። ያለ ጊዜው ምጥ ተፈርቶ ለልጁ ሳንባ ዴክሳሜታዞን ከተወጋሽ ለጥቂት ቀናት ስኳርሽ ይዘላል፤ መጠኑን ሐኪሙ ይጨምራል። ሲያስመልስሽና ምግብ አልወርድ ሲልሽ ሬጉላሩን ያለ ምግብ አትውጊ፣ ኤንፒኤቹን ግን በራስሽ አታቋርጪ፤ ደውለሽ ጠይቂ።

ስኳሩ በደንብ የተያዘ ከሆነ በኢንሱሊን ላይ ያለች እናት አብዛኛውን ጊዜ በ39ኛው ሳምንት ውስጥ እንድትወልድ ይደረጋል። ቀጠሮ ሲያዝልሽ ሁለት ነገር ጠይቂ፦ የዋዜማው ኤንፒኤች ስንት ይሁን? በጠዋቱስ እወጋለሁ ወይስ አልወጋም? ልጁ እንደተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ አጥቢው፤ ሆድሽ ውስጥ ብዙ ኢንሱሊን ማምረት የለመደ ሕፃን ከእትብቱ መቆረጥ በኋላ ስኳሩ ሊወርድበት ስለሚችል በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከተረከዙ ይለካለታል።

የአንቺ ኢንሱሊን ሲቆም የባዶ ሆድ ስኳር ለሁለት ሦስት ቀን ይታያል፣ ከዚያ አራስ ቤት ገንፎውና አጥሚቱ ይመጣል። ከእርግዝና ስኳር የወጣች ሴት ወደፊት የስኳር ሕመም የመያዝ ዕድሏ ከሌላው ከፍ ያለ ስለሆነ ባለ 75 ግራሙ ምርመራ ከወሊድ በኋላ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ይደገማል። ብዙዎች የሚረሱት ይህን ነው። ከልጁ የ45 ቀን ክትባት ጋር አያይዥው፦ በዚያ ጠዋት ቁርስ ሳትበዪ ሂጂ፣ ግሉኮሱን ጠጥተሽ ሁለቱን ሰዓት ልጁን እያስከተብሽ አሳልፊው።